የመለከት ልጅ

አባቷን መናኸሪያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ሾፌሩም ረዳቱም ቲኬት ቆራጯም «መለከት» ነበር የሚሉት። ሥራው መጣራት ነው። ጠዋት አውቶቡሶቹ ተሰልፈው ሞተራቸውን ሲያሞቁ እሱ በመካከላቸው እየተዘዋወረ «ወደብ! ወደብ! አንድ ሰው የቀረው ወደብ!» ይላል። አንድ ሰው ቀረው የሚባለው አውቶቡስ ግማሹ ባዶ መሆኑን አገር ያውቃል። ቢሆንም መለከት ካለው ሰው ሻንጣውን ጎትቶ ሮጦ ይገባል።

«ያን የቀረውን አንድ ሰው እስከ ዛሬ ፈልጌ አጣሁት» ይል ነበር ማታ ጫማውን እያወለቀ። «ባገኘው እኮ ቤት ይዤው መጥቼ ራት አበላው ነበር።»

ድምፁ ጉድ ነበር። ያለ ማጉያ ከመግቢያው በር እስከ ጋራዡ ጥግ ይሰማል፤ ግን ጩኸት አይባልም። ጩኸት ጆሮ ይወጋል። የእሱ ድምፅ ግራ የገባውን መንገደኛ ትከሻውን ይዞ ወደ በሩ የሚያደርስ ዓይነት ነበር። ሚስቱ ቤት ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ታላቅየው ልጁ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ጎሚስታ ቤት ከፍቶ ጎማ ይጠግናል፤ ቁጥብ፣ ቃል ከአፉ በመንጠቆ የሚወጣ ልጅ ነው። አባቱ «የዚህን ልጅ ድርሻ ድምፅ ታናሽ እኅቱ በልታበታለች» እያለ ይቀልድበታል።

እውነትም ድምፁን የወረሰችው ሴቷ ናት። ገና በእግሯ ሳትሄድ አልቅሳ ጎረቤት ትቀሰቅስ ነበር ይባላል። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የብሮድካስት ጋዜጠኝነት እንደደረሳት የነገረችው ቀን አባትየው ራሱን ይዞ፦

«እና እዚያ ምንድን ነው የሚያስተምሩሽ?» አለ።

«መናገር።»

«መናገርማ እኔስ በነጻ አስተምርሽ አልነበር?»

ሳቀ፤ ሳቁን ሲጨርስ ግን ዓይኑ ረጥቦ ነበር። በማግስቱ መናኸሪያው ውስጥ ያልሰማ አልቀረም። አውቶቡስ ከመጥራቱ በፊት የልጁን ጉዳይ እየጠራ ነው የዋለው።

የመጀመሪያው የስቱዲዮ ትምህርት ግን አሳፈራት። አስተማሪዋ ለረጅም ዘመን ዜና ሲያነቡ የኖሩ፣ በስተርጅና ወደ ማስተማር የመጡ ሴት ናቸው። ተራዋ ደርሶ ማይኩ ፊት ተቀምጣ አፏን ስትከፍት የድምፅ መለኪያው መርፌ ዘሎ ቀዩ ውስጥ ገባ። ሴትየዋ የጆሮ ማዳመጫቸውን አውልቀው፦

«ልጄ፣ አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?» አሏት።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸው የማን ልጅ እንደሆነች አያውቁም። እሷ ግን ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ሳቁ ሲበርድ አስተማሪዋ ቀረብ ብለው፣ «ማይክ የአንድ ሰው ጆሮ ነው፤ አጠገብሽ የተቀመጠ የአንድ ሰው። ለእሱ ንገሪው» አሏት።

ቤት ገብታ ስትነግረው አባቷ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እውነታቸውን ነው! በይ ነይ» አለና አግዳሚው ላይ ቦታ ለቀቀላት፤ «እስቲ ለእኔ ብቻ ንገሪኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዕረፍት ቤት በመጣች ቁጥር ይህ ልማዳቸው ሆነ። እሷ አሮጌ ጋዜጣ ይዛ በለሆሳስ ታነባለች፤ እሱ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። አንዳንዴ ድካም ይጥለውና እዚያው ያንኮራፋል። እናትየው ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ «ጥሩ ዜና አንባቢ ነው የሚወጣሽ፤ አገሩን በሙሉ ታስተኚዋለሽ» ትላታለች።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለተግባር ልምምድ የከተማው ሬድዮ ጣቢያ ተመደበች። የዜና ክፍሉ ኃላፊ ቀጠን ያሉ፣ ትዕግሥት የማያውቁ ሰው ናቸው። የሰው ንግግር መቁረጥ ስለሚወዱ ሠራተኛው በሌሉበት «መቀስ» ይላቸዋል። ያን ሰሞን ዝናብ ጠንቶ የወደቡን መንገድ ጎርፍ ቆርጦት ነበርና መንገደኛው መናኸሪያ ውስጥ ተከማችቷል። መቀስ መቅረጫ አስይዘው ወደዚያ ላኳት።

አባቷን ያየችው ከአንድ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቆሞ ነው። ያን ዕለት ጥሪው ሌላ ነበር። «ወደብ የለም! ወገኖቼ፣ ዛሬ ወደብ የለም! ልጅ የያዛችሁ ወደ ጣሪያው ሥር ግቡ!» ይላል። ሰው ተቆጥቶ ሲከበው ያረጋጋል፣ የደከመ ሲያይ ያስቀምጣል፤ ደግሞ መለስ ብሎ ይጣራል። እሷም መቅረጫዋን ዘርግታ ስትከተለው ዋለች። ድምፁ መሻከሩን ሰምታለች። «አቧራው ነው» አላት ጉሮሮውን እየጠረገ። በዝናብ ምን አቧራ አለ ብላ አልጠየቀችም። ጠሪ ድምፁ ቢሻክር፣ አናጺ እጁ ቢላጥ፣ ማን ይደነቃል?

ጣቢያው ተመልሳ ዘገባዋን ስታቀናብር መቀስ ከኋላዋ ቆመው አዳመጡ።

«የሚጣራው ሰውዬ ጥሩ ነው። ግን ዝቅ ይበል። አንቺ ከላይ፣ እሱ ከሥር። ሰው የሚፈልገው ዜናውን ነው።»

ትክክል ናቸው፤ ክፍል ውስጥም የተማረችው ይህንኑ ነው። የአባቷን ድምፅ ዝቅ አድርጋ የራሷን ከላይ ጫነችበት።

ዘገባው ሲተላለፍ መናኸሪያው በሙሉ ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ ሬድዮ ከቦ ነበር። ማታ ቤት ስትደርስ አባቷ ተቆጣ መስሎ ጠበቃት።

«እኔ የታለሁ?»

«ከሥሬ ነህ አባዬ። ልብ ብለህ ስማው።»

«ከሥርሽ ከሆንኩ ይሁን። መሠረት ማን ያየዋል» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁን ሳል አቋረጠው።

የመጨረሻውን ዓመት የመጀመሪያ መንፈቅ ውጭ አገር የመማር ዕድል መጣ። ዩኒቨርሲቲዋ ባሕር ማዶ ካለ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተማሪ ይለዋወጣል፤ ከክፍሏ የተመረጠችው እሷ ሆነች። በመሄጃዋ ቀን ቤተሰቡ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኛት። እናትየው አንገቷን አቅፋ አልለቅ አለች፤ ወንድሟ ሻንጣዋን ይዞ መሬት መሬት ያያል። ተሰናብታቸው የፍተሻው በር ጋ ስትደርስ አባቷ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ሊጣራ ተነሣ።

«አንድ ሰው የቀረው...»

ድምፁ መሐል ላይ ተሰነጠቀና ቀረ። አጠገቡ የነበሩት ሳቁ፤ እሱም ጉሮሮውን ይዞ ሳቀ። እሷም እየሳቀች እጇን አውለብልባ ገባች።

የሄደችበት አገር ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ክፍሏ ፎቅ ላይ ነው፤ መስኮቷ የሚያሳየው የፊት ለፊቱን ግድግዳና የውሃ ቱቦዎች ብቻ ነው። የአገሩን ቋንቋ በደንብ ብታነብም አነጋገሯ ለአየር አይሆንም ተባለና ለልምምድ በሄደችበት ትንሽ የሬድዮ ጣቢያ ከማይክ ኋላ አስቀመጧት። አለቃዋ ፀጥ ያለ ባለሙያ ነው። የተሰጣት ሥራ ትንፋሽ መቁረጥ ነበር። ሰው ሲናገር በቃልና በቃል መካከል አየር ይስባል፤ ያ ሲበዛ አድማጭ ይሰለቻል ይላሉ። እሷ በማዳመጫ እያዳመጠች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ትንፋሹን እየለየች ታወጣለች።

መጀመሪያ የእብድ ሥራ መሰላት። ውላ ስታድር ግን ጆሮዋ ተከፈተ። የሰው ትንፋሽ እንደ መልኩ የተለያየ ነው። አንዱ በአፍንጫው ይስባል፣ አንዱ ከንፈሩን ያጮኻል፣ ሌላዋ ልታለቅስ ስትል ትንፋሿን ሁለት ቦታ ትከፍለዋለች። ለወንድሟ በስልክ «ባለሥልጣን ሊዋሽ ሲል ረጅም አየር ይስባል» ስትለው እንደ ልማዱ «እምም» አለ፤ ለእሱ ይህ ትልቅ ሳቅ ነው።

ቤት የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አባቷም ያነጋግራት ነበር፤ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻክሮ፣ «ጉንፋን ነው፤ አንቺ ብርዱን ተጠንቀቂ» እያለ። ከዚያ ጠፋ። እሑድ በደወለች ቁጥር አባቷ የለም። አንዴ ጥርሱን ተነቅሎ አፉ አብጧል። አንዴ አሁን፣ አሁን ገና ከበር ወጣ። አንዴ ለቅሶ ሄዷል። በሚቀጥለው እሑድም ለቅሶ ሄዷል።

«እማዬ፣ እዚያ ሰፈር ሰው አልቀረም እንዴ?» አለች እየሳቀች።

«ምን ይደረግ ልጄ፣ ዘመኑ ነው» አለች እናቷ፤ ወሬውንም ወደ ብርዱ መለሰችው።

ምስል ክፈቱልኝ ስትል የስልኩ ካሜራ ተበላሽቷል ይባላል። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል እንዲሉ፣ ምክንያቱ ከእሑድ እሑድ እየሳሳ ሄደ። እሷም ልቧ ጠርጥሯል። ግን ሰው ሊሰማ የማይፈልገውን ነገር መጠየቅ ያውቃል? በሙያዋ ጥያቄ ስትማር የኖረችው ልጅ በራሷ ቤት አንዲት ጥያቄ ማንሣት ፈራች።

አንድ እሑድ የጆሮ ማዳመጫዋን እንደሰካች ከእናቷ ጋር ታወራ ነበር። የእናቷን ትንፋሽ ታውቀዋለች። አፏ ውስጥ መርፌ ቁልፍ ይዛ መስፋት ስለለመደች በአፍንጫዋ፣ አጠር አጠር አድርጋ ነው የምትስበው። ከእሱ ሥር ግን ሌላ ትንፋሽ ሰማች። ከአፍንጫም ከአፍም አይደለም። እርጥብ፣ የሚያፏጭ፣ በጠባብ ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ አየር ይመስላል። መጀመሪያ ውሃ ተጥዶ ነው ብላ አሰበች። ወሬዋን ቀጠለች፤ እዚያ አገር በረዶ ላይ ተንሸራታ አንድ ትልቅ ሰውዬ እግር ሥር እንደተዘረጋችና ሰውዬው እሷን ሊያነሣ ሲጎነበስ እሱም ከላይዋ እንደወደቀ ነገረቻት።

ያ ፉጨት ተቆራረጠ። ቶሎ ቶሎ፣ ትፍ ትፍ እያለ ወጣ። የሆነ ሰው ያለ ድምፅ እየሳቀ ነበር።

«አባዬ?» አለች።

ፉጨቱ ተገታ።

«የምን አባዬ? ነገርኩሽ አይደል፣ ለቅሶ...»

«እማዬ፣ አባዬ አጠገብሽ ነው።»

እናቷ ልትመልስ አየር ሳበች፤ ትንፋሿ ሁለት ቦታ ተከፈለ። ስልኩን ወንድሟ ተቀበላት። ያ ቃል በመንጠቆ የሚወጣለት ልጅ ያን ቀን ሳያቋርጥ ተናገረ። የጉሮሮ ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ ሲደርሱበት መሽቶ ነበር፤ ወይ ድምፅህን ወይ ነፍስህን አሉት። ማንቁርቱን ቆርጠው አወጡት። አሁን የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በከፈቱለት ቀዳዳ ነው። ነገሩ እንዳይነገራት ሁሉንም ከመኝታው ላይ ሆኖ አስምሏቸዋል። እሑድ እሑድ ግን ስልኩ ሳይጠራ በፊት ወንበሩን ስቦ፣ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል።

«ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?»

«ብነግርሽ በማግስቱ ትመጪያለሽ።»

«ብመጣስ? ምን አለበት ብመጣ?»

«እሱን እሱን ጠይቂው» አለ። መናገር የማይችለውን ሰው ጠይቂው ማለቱ ለራሱም ቆይቶ ነው የገባው።

«ስልኩን አስጠጋልኝ» አለች። ፉጨቱ ቀረበ። «አባዬ፣ ልምጣ?»

ወንድሟ ከጎን ሆኖ «ራሱን እየነቀነቀ ነው። አይሆንም ነው የሚልሽ። ትምህርትሽን ጨርሺ ነው... በእጁ እያሳየ ነው። እያለቀሰ ግን አይደለም፣ እሺ? አታልቅሺ፣ እሱም አላለቀሰ» አለ። ማን እንደሚያለቅስ ከድምፁ ያስታውቅ ነበር።

ሆዷ እሺ ባይላትም ቀረች። ከዚያ ወዲህ እሑድ የእሷና የአባቷ ሆነ። እሷ ታወራለች፤ እሱ ይተነፍሳል። ምስል ልክፈት ስትለው አሻፈረኝ ይላል፤ አንገቱን እንድታይበት አይፈልግም። እሷም አልገፋችውም። የአገሩን አውቶቡስ ጣቢያ ነገረችው፤ ሁሉ ነገር በሰሌዳ ላይ ተጽፎ እንደሚበራ፣ ማንም ማንንም እንደማይጠራ፣ ሰው ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ እንደሚሳፈር። «እዚህ ብትሆን ሥራ ፈት ነበርክ» ስትለው ያ የአየር ሳቅ መጣ።

ጣቢያው ውስጥ ግን እጇ ሥራ እንቢ አለ። ማዳመጫውን አድርጋ፣ የአንዲት አሮጊትን ትንፋሽ መርጣ፣ ልትሰርዘው ጣቷን ቁልፉ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። አለቃዋ አይቶ ምን ሆንሽ አላት። ነገረችው። ወንበሯን ራሱ ገፍቶ ወደ መስኮቱ አዛወራትና የፋይል ስም የመጻፍ ሥራ ሰጣት። በነጋታው፦

«ትምህርት ቤቱ የትም አይሄድም» አላት። «አባትሽ ግን ሊሄድ ይችላል።»

እሷ ግን አባቷ ያላትን ይዛ ቆየች። ይህ ኋላ ብዙ ጊዜ አንገብግቧታል።

ወንድሟ የደወለው በእሑድ አልነበረም። ስልኩ ላይ የእሱን ስም ስታይ ገና አወቀች። «በሽታው ሳንባው ውስጥ ገብቷል» አለ። ከዚያ «ነይ» አለ። ፈተናው ደርሶ ነበር፤ ጥላው ሄደች።

አባቷን ያገኘችው መስኮቱ ሥር በተነጠፈ አልጋ ላይ ነው። ያ ትከሻ አልቆ ሸሚዙ ማንጠልጠያ ላይ ያለ ይመስላል። አንገቱ ላይ ስስ ጨርቅ ጣል አድርጓል። ከበር ሲያያት በልማዱ አፉን ከፍቶ ሊጠራት ተነሣ፤ አየሩ በአንገቱ ወጥቶ ጨርቁን አራገበው። አፈረ። እጁን ጨርቁ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። እሷ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ያን እጁን ከጨርቁ ላይ አንሥታ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ሳምንታት ክፉም ደግም ነበሩባቸው። ቱቦውን ማጠብ ከእናቷ ተማረች። ከንፈሩን ማንበብ ለመደች፤ እናትየው ገና ድሮ ለምዳዋለች፣ እንዲያውም «ድምፅ ሳለው ከዚህ የበለጠ አይገባኝም ነበር» ትል ነበር። ዘመድ ሊጠይቅ ሲመጣ ግን ሁሉም አንድ ነገር ያነሣባታል። «አንቺማ የሬድዮ ሰው ነሽ፤ ድምፁን ቀርፀሽ አስቀምጠሽ ይሆናል።» እውነትም ያን ዝናብ ሰሞን ሙሉ ቀን ቀርጻው ነበር።

አንድ ቀን ወደ ከተማው ሬድዮ ጣቢያ ሄደች። የስቱዲዮ ቴክኒሻኑ ስታስረዳው ገና ራሱን ነቀነቀ። መቅረጫዎቹ ለሚቀጥለው ሥራ ይጸዳሉ፤ የተላለፈው እንጂ ጥሬው አይቀመጥም። የተላለፈው ደግሞ አባቷ ከሥር፣ እሷ ከላይ ሆነው የተዋሃዱበት ነው። መቀስ ነገሩን ሲሰሙ ስብሰባቸውን ትተው መጡ። ማዳመጫ አድርገው፣ አንዱን ከአንዱ ሊለዩ፣ አንዱን ዝቅ ሌላውን ከፍ ሲያደርጉ ከሰዓቱን ፈጁ። እሷ ስትወርድ እሱም ይወርዳል፤ እሱ ከፍ ሲል እሷ ትሸፍነዋለች። በመጨረሻ ማዳመጫውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ።

«ከሥር ይሁን ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«እርስዎ ሥራዎን ነው የሠሩት። እኔም ሥራዬን።»

ዘገባውን እንዳለ በስልኳ ይዛ ሄዳ አሰማችው። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። ሲያበቃ ጣቱን እያዞረ ድገሚው አላት። ደገመችለት። ከንፈሩን አየች፦ «እኔ እኮ አንቺን ነው የምሰማው።»

ሌላ ቀን ጋዜጣ ስታነብለት በእጁ ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አላት። ድምፅ ጨምሪ ማለቱ ነው። ጨመረች። አሁንም ወደ ላይ አለ። ጋዜጣውን አስጥሎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፦ «ወደብ።»

«አባዬ፣ እዚህ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ወደብ» አለ ከንፈሩ፤ ዓይኑ እየሳቀ ነበር።

ቆመች። ዩኒቨርሲቲ በር ላይ ያስቀመጠችውን ድምፅ ከሆዷ ሥር ጎትታ አወጣችው። «ወደብ! ወደብ! አንድ ሰው የቀረው ወደብ!» መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። እናትየው የምትሰፋውን ጨርቅ እንደያዘች ከጓዳ ሮጣ መጣች፤ ጎረቤት በየበሩ ብቅ ብቅ አለ፤ አንዱም «ኧረ መለከት ድምፁ ተመለሰለት!» ብሎ ጮኸ። አባቷ አልጋው ላይ ተቀምጦ ትከሻው እስኪነቃነቅ በአየር ሳቀ። ሳቁ መቼ ወደ ለቅሶ እንደተለወጠ ማንም አላየም። እናትየው በጨርቁ ፊቱን ጠረገችለት፤ ከዚያ በዚያው ጨርቅ የራሷን።

የሞተው በአንድ ተራ ጠዋት ነው፤ አውቶቡሶቹ ሞተር በሚያሞቁበት ሰዓት። ፉጨቱ ቀስ እያለ ሄዶ ቀረ። እናቷ መርፌ ውስጥ ክር ልታስገባ ወደ ብርሃኑ ያነሣችውን እጇን ሳታወርድ ቀና አለች። የቤቱ ሰው ሁሉ ያን ትንፋሽ መስማት ለምዶ ነበርና የተነገራቸው በዝምታው ነው። ያን ዕለት መናኸሪያው ጠሪ አልነበረውም። መንገደኛው አውቶቡሱን እየጠየቀ ተሳፈረ።

ወደ ባሕር ማዶው ትምህርት አልተመለሰችም። እዚሁ ዓመቱን ደግማ ተመረቀች። ምርቃቷ ላይ ወንድሟ ሙሉ ልብስ አስለብሰውት እጁን የሚያስቀምጥበት ጠፍቶት ዋለ። የከተማው ሬድዮ ቀጠራት፤ መቀስ ራሳቸው የጠዋቱን ዜና ሰጧት።

የመጀመሪያውን ዜና አንብባ ቤት ስትገባ ወንድሟ ሬድዮውን ጎሚስታ ቤቱ በር ላይ አስቀምጦ ሰፈሩን ማሰማቱን ነገራት። እናቷ ግን ምንም አላለችም። በማግስቱም ምንም አላለችም። አንድ ቀን የዕረፍት ተራዋ ሆኖ ቤት ስትውል ተቀድቶ የተቀመጠ ፕሮግራሟ በሬድዮው ጀመረ፤ እናቷም ድምፁን ገና ስትሰማ ተነሥታ ዘጋችውና ወደ ጓሮ ወጣች። ልጅቷም ተከትላት ወጣች።

«እማዬ፣ አልወደድሽውም?»

እናቷ ከገመዱ ላይ ልብስ ታወርድ ነበር። «ምን እላለሁ፣ አገሩ በሙሉ እያመሰገነሽ።»

«አገሩን ተይው። አንቺስ?»

እናቷ ልብሱን ደረቷ ላይ አቀፈች። «ፊትሽን እያየሁ ስታወሪኝ አንቺ ነሽ» አለች። «ከዚያ ሳጥን ድምፅሽ ብቻውን ሲወጣ ግን የእሱ ነው። ድሮ ጉሮሮው ሳይነካ፣ እኔን ሲያገባኝ የነበረው። አልችለውም ልጄ። አትቀየሚኝ።»

አልተቀየመችም። ምን ብላ ትቀየማለች? የድምፁን ውርስ ያወቀችው ያኔ ነው፤ ውርስ ደግሞ ለአንዱ ሀብት ለሌላው ሐዘን ሊሆን እንደሚችል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በዜና ሰዓት ሬድዮ አይከፈትም። ልጅቷም ሥራዋን ጨርሳ ስትመጣ ጫማዋን አውልቃ ከስፌት መኪናው ትይዩ ትቀመጣለች።

«እህ፣ ዛሬ ምን አለ?» ትላለች እናቷ፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳትነቅል።

ልጅቷም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የነገውን የአየር ጠባይ፣ የገበያውን ዋጋ፣ የታችኛው ሰፈር ውሃ በቧንቧ ጥገና ምክንያት መቋረጡን አንድ በአንድ ትነግራታለች። እናቷ ክሩን በጥርሷ ትበጥስና፦

«እኛስ ሰፈር ይቋረጣል?» ትላለች።

«እኛ ጋ አይደርስም እማዬ።»

«ይሁን» ትላለች፤ ጨርቁን ታገላብጥና መስፋቷን ትቀጥላለች።